የጋሼ ቀጄላ መነጽር

ስርጉት ሌላ ሰው ስታርም እሳት ናት። አሶሳ ውስጥ የቤት ፕላን በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ሁሉ ሶፍትዌሩ እንቢ ሲለው መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው። እሷም ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወሽቃ፣ የያዘችውን ሥራ ሳታቋርጥ ትመልሳለች።

«ግድግዳው ጠፋብኝ» ይላታል አንዱ።

«ግድግዳ የት ይሄዳል? ግድግዳው ያለበትን ሌየር ደብቀኸው ነው። አብራው።»

«ሃያ ሳንቲ ብዬ የሳልኩት ሃያ ሜትር ሆነ።»

«መለኪያውን ሜትር ላይ ትተህ በሳንቲ እየጻፍክ ነዋ! እስቲ አንድ ቀን እንኳ ከመጀመርህ በፊት እየው።»

እንዲህ ናት። ጥያቄው ሲበዛባት የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ባምባሲ ያሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ ገቡበት። ሱቋ ግድግዳ ላይ ደግሞ በራሷ እጅ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፤ የመጀመሪያው መስመር በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ «ከማተምህ በፊት ገጹን አፕዴት አድርግ»።

ነገሩ ቀላል ነው። ሶፍትዌሩ ሁለት ቦታ አለው። አንዱ ሥዕሉ የሚሠራበት ነው፤ ሌላው ሥዕሉ ተወስዶ ለኅትመት የሚቀመጥበት ገጽ ነው። ሥዕሉን ብትቀይረው ገጹ አብሮ አይቀየርም። አፕዴት ካላሉት በቀር የድሮውን እንደያዘ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ ቤቱ ሌላ፣ ከማተሚያው የሚወጣው ቤት ሌላ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ከገጹ ስም ጎን አንዲት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ትበራለች። «እሱስ ተናግሯል» ትል ነበር ስርጉት በተማሪዎቿ ላይ ስታሾፍ፤ «የማይሰማው ሰው ነው።»

ይህን ሁሉ እያወቀች ነው እንግዲህ ጉድ የሠራችው።

ኢቲዳል የቤት ፕላን ልታሠራ የመጣችው በመስከረም ነበር። ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ ጨርቅና ሽቶ እያመጣች አሶሳ ገበያ ላይ የምትሸጥ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ስትናደድ አማርኛዋ አልፎ አልፎ የሚዛነፍባት የበርታ ሴት ናት። መንጌ ወረዳ ብቻቸውን የቀሩትን ሽማግሌ አባቷን አምጥታ አብራቸው ልትኖር አስባለች። ስለ ሳሎኑ ስፋት፣ ስለ መስኮቱ ብዛት ግድ አልነበራትም። ስርጉት ያሳየቻትን ሁሉ እሺ፣ እሺ አለች። የባኞ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ግን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ መቀመጫ ፊቱ ወዴት ነው?»

«ግቢው ውስጥ ወዳለው ማንጎ ዛፍ።»

«የምንሰግድበት ቂብላ በዚያ ነው እኮ። ሽንት ቤት ፊቱንም ጀርባውንም ወደ ቂብላ አይሰጥም። አባቴ እንዲህ ከሆነ አይገባም። ሌላው ሁሉ እንደ ፈለግሽ፣ ይሄን ብቻ አዙሪልኝ።»

ስርጉት ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ጋር ያደገች ስለሆነች ነገሩ እንግዳ አልሆነባትም። መቀመጫውን ይዛ ኢቲዳል ዓይን ፊት ወደ ጎን አዞረችው። «ኸላስ፣ አለቀ!» ብላ ኢቲዳል አጨበጨበች። ያኔ መብራቱ አንዴ ብልጭ ድርግም አለ። አሶሳ ይህን ምልክት የማያውቅ የለም፤ አሁን ካላተምክ ነገ ነው። ስርጉት ዘላ ወደ ኅትመቱ ገጽ ሄደች፤ አተመች። የመጨረሻው ወረቀት ከማሽኑ እንደወጣ መብራቱ ጠፋ። «አምልጠናል!» ብላ ሳቀች።

ወረቀቱን የተቀበሏት በር ላይ ቆመው ይጠብቁ የነበሩት፣ ቤቱን የሚሠሩት ጋሼ ቀጄላ ናቸው። የባምባሲ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት የገነቡ ግንበኛ፤ ቱንቢ ሳይጥሉ በዓይናቸው ብቻ የግድግዳ መጣመም የሚያውቁ። ኢቲዳል በሱዳኖቹ አጠራር «ኡስታ» ነው የምትላቸው፤ የሙያ ጌታ ማለቷ ነው። እሳቸው ደግሞ ስርጉትን «ኢንጂነር» ይሏታል። ኢንጂነር አይደለችም፤ ከቴክኒክና ሙያ በድራፍቲንግ የተመረቀች ልጅ ናት። ሁለቴ ብታርማቸውም አልተው ስላሉ፣ እውነቱን ለመናገር ስሙን ስለምትወደውም፣ ማረሙን ተወችው።

ከሁለት ወር በኋላ ጋሼ ቀጄላ ደወሉ። «ኢንጂነር፣ ይሄ የባኞ ቤቱ መቀመጫ ፊቱ ወደ ማንጎው ነው። እንዲህ ይሁን?»

ስርጉት የሌላ ሰው ጣሪያ ከግድግዳው አልገጥም ብሏት ስትታገል ነበር። ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ይሥሩ። ወረቀቱ አይሳሳትም።»

«እሺ ኢንጂነር።»

ቤቱ አለቀ። ሽማግሌው ከመንጌ መጡ። ልጃቸው እየመራች እያንዳንዱን ክፍል አሳየቻቸው፤ የባኞ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ስለ ሴራሚኩ ማብረቅረቅ፣ ስለ ውሃው መውረድ አልጠየቁም። በበትራቸው ጫፍ ወደ መቀመጫው፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ማንጎው አመለከቱና ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በትራቸውን ተመርኩዘው ጎረቤት ግቢ ሽንት ቤት ይሄዱ ነበር፤ በዝናብም።

ኢቲዳል ጋሼ ቀጄላን እየነዳች ስርጉት ሱቅ ከተፍ አለች። ሁለት ባለጉዳዮች ተቀምጠው ነበር። «ክፈቺ!» አለች፤ «እኔ ፊት አዙረሽው አልነበረም? ክፈቺና ይሄ ሰው ይየው!»

ስርጉት ከፈተች። ሥዕሉ ወጣ። መቀመጫው ወደ ጎን ዞሮ ቁጭ ብሏል፤ ልክ እንደታዘዘው።

«ይኸው!» አለች ኢቲዳል። «አየህ? እሷ ትክክል ነው። አንተ ምን አየህ? ዓይንህ ጠፍቷል እንዴ?»

ስርጉት ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ከስክሪኑ ታች፣ በኅትመቱ ገጽ ስም ጎን፣ ቢጫዋ ሦስት ማዕዘን ትበራለች።  ያ መብራት፣ ያ ጥድፊያ፣ ያ «አምልጠናል» ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት። አሁን ተናገሪ፣ አለች ለራሷ። አሁን ካልተናገርሽ መቼም አትናገሪም። ባለጉዳዮቹን አየች። ግድግዳው ላይ በቀይ የተጻፈውን መስመር አየች። 

ጋሼ ቀጄላ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ያረጀ መሰላት።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ። «ኮምፒውተሩማ ይኸው ነው። እኔ ነኝ።»

ሲወጡ ስርጉት ማውዙን ያዘችና አፕዴት የሚለውን ተጫነች። ቢጫዋ ጠፋች። ለምን እንዳደረገችው አሁን ብትጠየቅ «አላውቅም» ትላለች፤ ይህም ውሸት ነው፣ ታውቃለች። ማስረጃ አጠፋች፤ ሌላ ስም የለውም።

ጋሼ ቀጄላ ሴራሚኩን በገዛ እጃቸው ሰብረው፣ ቱቦውን ቆፍረው አውጥተው፣ መቀመጫውን አዙረው መልሰው ሠሩ። ረዳት አልያዙም። አምስት ቀን ፈጀባቸው። ሽማግሌው ገቡበት፣ ኢቲዳልም ዝም አለች፤ ወሬው ግን ዝም አላለም። ከእሷ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሰምቷል። «ቀጄላ አርጅቷል፣ ፕላን ማየት አቅቶታል» ተባለ። ይዘውት የነበረው ሥራ ለሌላ ተሰጠ፤ ተስፋ የተሰጣቸውም እንደዚያው። ስርጉት ዘንድ ግን ሰው ጨመረ። «የእሷ ወረቀት አይሳሳትም፤ ኢቲዳል ራሷ መስክራለች» እያሉ ይመጣሉ። ማታ ማታ ግን እናቷ ያቀረበችላትን እየጎረሰች ታላምጣለች እንጂ አልወርድላት ብሏል።

አንድ ቀን በባጃጅ ስታልፍ አየቻቸው። አብዲ የሚባል ገና ጢሙ ያልጠነከረ ግንበኛ ያስገነባል፤ ጋሼ ቀጄላ በእሱ ሥር ሆነው ሲሚንቶ ያቦካሉ። አብዲን ውሃ ልክ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ስርጉት ራሷን ዝቅ አድርጋ ነጠላዋን ሳበች። ቀና ብለው አላዩም።

በዚያው ሳምንት ግሩፑ ላይ ቢታንያ የምትባል የባምባሲ ተማሪ ጠየቀች፤ «እትዬ ስርጉት፣ ስክሪኑ ላይ ያስተካከልኩት ነገር ሳትመው የድሮው ሆኖ ይወጣል። ምን ሆኖ ነው?» ሌላ ጊዜ ቢሆን በግማሽ ደቂቃ፣ ከነሹፈቱ፣ ትመልስ ነበር። አሁን ጻፈች፤ አጠፋች። ደግሞ ጻፈች፤ አጠፋች። ማታ ስታየው ሌላ ተማሪ «አሥራ ሁለቴ ሞክሪው» ብሎ የማይረባ መልስ ሰጥቷት ነበር። ስርጉት እሱንም ማረም አልቻለችም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሱቁ በር ተንኳኳ። በሩ ክፍት ነው፤ ክፍት በር የሚያንኳኩ ጋሼ ቀጄላ ብቻ ናቸው።

መነጽር አድርገዋል። ጥቁር ወፍራም ፍሬም፣ ከገበያ መንገድ ዳር በትሪ ከሚሸጠው ዓይነት። ደረጃውን ሲወጡ እግራቸውን ከሚገባው በላይ ከፍ አድርገው አነሱ፣ ወንበሩንም በእጃቸው ዳብሰው ነው የተቀመጡት።

«ኢንጂነር፣ ሥራ አላስፈታሽም?»

«ኧረ አያስፈቱኝም ጋሼ። መነጽር አደረጉ?»

«አደረግኩ። መሬቱን ያርቅብኛል፤ ጭንቅላቴንም ያዞረኛል። ሲለምዱት ይተዎታል አለኝ የሸጠልኝ ልጅ። መወጣጫ ላይ ግን ይዤው አልወጣም፤ ለዚህ ነው ታች የምሠራው።» ከኮታቸው ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። «አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው የመጣሁት። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ የት ላይ እንደሳትኩ ሳላውቅ ብሞት ይቆጨኛል። ወረቀቱ ይኸው፣ ጠፋ ብዬ ነበር፣ ልጄ ከሣጥን ሥር አገኘችው። እስቲ ላንብብልሽና የተሳሳትኩበት ጋ አቁሚኝ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ስርጉት የሲሚንቶ አሻራ የነካውን የገዛ ሥራዋን አየች። ጥጉ ላይ ስሟና ስልኳ አለ።

ጋሼ ቀጄላ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን እያሰገጉ፣ እንደ ተማሪ ማንበብ ጀመሩ። «ይሄ ሰሜን። ይሄ የግቢው በር። ሳሎኑ አራት ከሃምሳ በአምስት። በሩ ዘጠና። ከሳሎን ወደዚህ ስትመጪ ባኞ ቤት፤ አንድ ከስልሳ በሁለት ከሃያ። ማንጎው በዚህ ነው፣ መስኮቱም በዚህ። መቀመጫው ደግሞ…» ጣታቸው ቆመ። መነጽሩን ከፍ፣ ዝቅ አደረጉት። «እኔ ሳየው ጀርባው ወደ ሳሎን፣ ፊቱ ወደ ማንጎው ነው። ዛሬም እንዲያ ነው የሚታየኝ። በመነጽሩም እንዲያው ነው። እስቲ አንቺ አንብቢልኝ፤ እንዴት ነው መነበብ ያለበት?»

ከአንድም ቦታ አልሳቱም። አንዲት መስመር አላለፉም። ስርጉት ወደ ታች ስታይ የእሳቸው ጣት ላይ የሴራሚክ ቁራጭ የቆረጠው፣ ገና ያልዳነ ቁስል አየች፤ ከዚያ ወዲያ መቻል አልቻለችም።

«አልሳቱም» አለች።

«ማሎ፣ ምን አልሽ?»

«ልክ ነው ያነበቡት። የሠሩትም ልክ ነው። ወረቀቱ ነው የተሳሳተው። ስክሪኑ ላይ አዙሬው ገጹን አፕዴት ሳላደርግ አተምኩት። መብራት ሊሄድ ነው ብዬ ቸኩዬ የድሮውን ነው የሰጠሁዎት። እኔ ነኝ ጋሼ። እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ።»

ጋሼ ቀጄላ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሱም። 

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራችው። «እትዬ ኢቲዳል እዚህ ያመጣችዎት ቀን። እዚሁ ቆመው 'እኔ ነኝ' ሲሉ አውቄው ነበር።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። ቢሰድቧት ደስ ባላት፤ ቢመቷትም እጇን አታነሳም ነበር። እሳቸው ግን የሆነ ነገር ለመስማት እንደፈራ ሰው ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ታዲያ… ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው?»

ስርጉት አለቀሰች። ጋሼ ቀጄላ መነጽሩን አወለቁና በበሩ አሻግረው ወደ መንገዱ ማዶ አዩ። «ፎቶ ኮፒ» ብለው አነበቡ ከማዶው ሱቅ ግድግዳ ላይ። «ላሚኔሽን። የጉርድ ፎቶ… በአምስት ደቂቃ።» ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የስልክ ቁጥር ሳይቀር፣ ከዜሮው እስከ መጨረሻው፣ አንድ በአንድ አነበቡት። 

«ደውዬልሽ ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ።

«ደውለው ነበር። አላየሁም።»

«ልጄ ሥራ ተው አለችኝ። ሚስቴ መንገድ ስሻገር እጄን መያዝ ጀምራለች።» ይህን ያሉት ለስርጉት አይመስልም፤ ለማዶው ግድግዳ ነው።

«ለእትዬ ኢቲዳል ዛሬውኑ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«የሰማችው እሷ ብቻ አይደለችም» አሉና ተነሡ። ደረጃውን ሲወርዱ ወደ እግራቸው አላዩም። መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ኢቲዳል ግቢዋ ውስጥ ከኩርሙክ የመጣ ጨርቅ ፈታ ትዘረጋ ነበር። ሽማግሌው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ስርጉት ወረቀቱን ይዛ ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ ምክንያት ሳትደረድር ነገረቻት። ስለ ቢጫዋ ምልክት፣ ኋላም አፕዴት አድርጋ ስላጠፋችው ሳይቀር ነገረቻት። ኢቲዳል መጀመሪያ አልገባትም። ወረቀቱን ወስዳ ስታየው ገባት።

«አንቺ እዚያ ቁጭ ብሎ ዝም አለ?»

«አዎ።»

«እኔ ያን ሰውዬ ዓይንህ ጠፍቷል አልኩት። ወላሂ፣ በሰው ፊት አልኩት። ገበያ ላይ አልኩት።» ጨርቁን ከጭኗ ላይ ገፋችው። አባቷን በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር አለቻቸው፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ስርጉት ሳይሆን ወደ ባኞ ቤቱ መስኮት አዩ። «ተነሽ» አለች ኢቲዳል፣ ስርጉት ቆማ ሳለች። «እኔ ያወራሁትን እኔ እመልሳለሁ። አንቺም የራስሽን በአፍሽ ትናገራለሽ። እኔ አልናገርልሽም።»

አብዲ የሚያስገነባው ቤት የግንበኞች መሰብሰቢያ ከሆነው አደባባይ አጠገብ ነው፤ ሥራ ያላገኘው ሁሉ መዶሻና የግንብ ማንኪያውን ከጎኑ አድርጎ እዚያ ይቀመጣል። ከአሸዋው ክምር ሥር ጋሼ ቀጄላ አካፋ ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተው ይሠራሉ።

«ኡስታ!» አለች ኢቲዳል ከመንገዱ።

አብዲ ከመወጣጫው ላይ ዞረ። ጋሼ ቀጄላ አልዞሩም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ። እሳቸውን እየጠራች እንዳልመሰላቸው ለስርጉት ገባት። ካሁን በፊት ኡስታ ሲባል ቀድመው የሚዞሩት እሳቸው ነበሩ።

«ኡስታ ቀጄላ!»

አካፋው ቆመ።

ስርጉት ከዚያ በኋላ ምን ምን እንዳለች ሁሉንም አታስታውስም። አንዱ ጎልማሳ ግንበኛ «ጮክ በይ፣ አይሰማም» እንዳላት፣ ጮክ ብላም ከመጀመሪያው እንደ ገና እንደጀመረች ታስታውሳለች። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ግንበኞቹ በየተራ ጣታቸውን መቀመጫው ላይ እያደረጉ ወደ ማንጎው አቅጣጫ ሲያመለክቱ አይታለች። ሁሉም እንደ ጋሼ ቀጄላ ነው ያነበቡት። አብዲ ከመወጣጫው ወርዶ አካፋውን ከእጃቸው ተቀበለ። ኢቲዳል ምን እንዳለቻቸው አልሰማችም፤ የተከናነበችውን ቶብ አፏ ላይ ይዛ ቀርባ ነበር የተናገረችው።

ሰው ሲበተን ጋሼ ቀጄላ ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። የቆሸሸ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ፤ ለሰላምታ ግን አልዘረጉትም።

«እትዬ ኢቲዳል አጥር ልታሠራ ነው» አሉ። «ፕላኑን ስታትሚ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

«እሺ ጋሼ። መነጽርዎን ረስተውታል፤ ላምጣልዎት?»

ወደ መወጣጫው ዞሩ።

«እዚያው ይቀመጥ፣ ስርጉት» አሉ።

ኢንጂነር አላሏትም። ስርጉት ጠበቀች፤ አላሏትም። «አቤት» አለች ቀስ ብላ፣ እሳቸው ግን መወጣጫውን መውጣት ጀምረው ነበር።